ለጽዋው የሚሆን ክፍል

«አንቺስ? ከዚህ ቤት ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ ስብሰባውን የምትመራው መሐንዲስ።

«ምንም» አልኳት። «ሁሉም ቆንጆ ነው።»

የምፈልገውን ግን በዓይኔ በብረቱ እያየሁት ነበር። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክፍል፣ በሯ ገርበብ ብሎ፣ ከተቀመጥኩበት ወለል ብላ ትታየኛለች። መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው፤ ከውጭ የአኪዲኒያ ዛፍ ቢጫ ፍሬውን ተሸክሞ መስታወቱን ሊነካ ደርሷል። «ያችን ክፍል በወር አንድ እሑድ ለእኛ ተዉልን» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዐረብኛው አይደለም የጠፋኝ፤ በዐረብኛ መጨቃጨቅ ከተማርኩ ቆይቻለሁ። ደግማ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብታ በመጀመሪያው ጥሪ ወደ ማዕድ የምትቀርብ ሴት ስሟ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። «ብዪ» ሲሏት «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ማለት አለባት። አልበላችም። ባለቤቲቱም አለመብላቷን ታውቃለች። «በሞቴ!» ትላታለች። «ኧረ አይሆንም።» «አፈር ስሆን!» ያኔ እንግዳዋ እንደ ተሸነፈ ሰው ተንፍሳ እጇን ትታጠባለች። እናቴ ጎረቤት ስትልከን «አንዴ ሲሏችሁ ተንደርድራችሁ እንዳትቀበሉ» እያለች ጆሯችንን ቆንጠጥ ታደርገን ነበር። እኔም ይኸው፣ ሽበት ጣል ጣል ካደረገብኝ በኋላ፣ በሰው አገር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የእናቴን ትእዛዝ እፈጽማለሁ።

ሊባኖሶችም ምግብ ላይ ሲሆን ይለምናሉ፤ ይህን አልክድም። ይህ ግን ስብሰባ ነበር። መሐንዲሷ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ፣ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ፣ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአክብሮት ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። ቀጣዩ አርመናዊው ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው የእናታቸውን ትእዛዝ ረስተዋል መሰለኝ፣ ሳይጠየቁ ጀመሩ። የአባታቸው የጫማ መስፊያ ማሽን ከዋናው መስኮት ሥር፣ ብርሃን በሚያገኝበት፣ ሰው እንደ ገባ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥልኝ አሉ። ተቀመጠላቸው። እዚያው በእርሳስ ተሣለ።

ቤቱ ባውሽሪዬ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ቁልቁል ባለው መንገድ ላይ፣ በጋራዦችና በአሉሚኒየም ሠሪዎች ሱቆች መሀል የተረፈ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ባለቤቱ ሞተው ወራሾቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ቤቱን ለሰፈሩ ሙዚየም ይሁን ብለው ተዉት። ሙዚየሙ የነገሥታት ዘውድ የሚታይበት አይደለም። ከሌላ ቦታ መጥተው እዚህ ሰፈር ስለ ቀሩ ሰዎች ነው፤ አርመኑ፣ ሶርያኒው ክርስቲያን፣ ከተራራው መንደር ተፈናቅሎ የመጣው። ከእኛም ወገን አንዲት ሴት ትምጣ ያለችው መሐንዲሷ ናት። ሐምራ ሰፈር ያለውን ቢሯቸውን የማጸዳው እኔ ነኝና እኔን ጠራችኝ።

የጠራችኝ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ወለሉን ስወለውል ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ባለቀለም ሥዕሎች አየሁና ቆምኩ። ቦርሳ ያዘለ ተማሪ አለ፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት አለች፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት አሉ። ወደፊት ይመጣሉ ብለን የምናስባቸው ጎብኚዎች ናቸው አለችኝ። ጥግ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች።

«ይቺስ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ። ያኒ፣ እንዳንቺ ያሉ።»

«ታዲያ ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምትስቀው?»

መሐንዲሷ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ሥዕሉን ከግድግዳው ነቅላ፣ «ልክ ነሽ፣ አላውቃትም ማለት ነው፤ መጥተሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ወደድኳት። ለቀልድ ሲሆን ምላሴ አይያዝም፤ ለራሴ መለመን ሲመጣ ነው የሚተሳሰረው።

እንግዲህ ክፍሏን ለምን እንደ ፈለግኋት ልናገር። የማርያም ማኅበር ነበረን። በወሩ በሃያ አንድ መሰብሰብ አይሆንልንም፣ ማዳሞቻችን የማርያምን ቀን አይቆጥሩም፤ ስለዚህ ከሃያ አንድ ቀጥሎ በሚውለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ እንገናኛለን። በጋዝ ምድጃ የተጋገረ ዳቦ፣ ብርዝ፣ ጽዋው፣ ጸሎቱ፣ ከዚያ ወሬ። ማኅበሩን አቁሞ የያዘው ወሬው ነበር ብል ማርያም ትቅር ትበለኝ። ሳምንቱን ሙሉ «ያላ፣ ያላ!» ሲባልባት የከረመች ሴት እዚያ ቁጭ ብላ በገዛ ቋንቋዋ ትቀልዳለች፣ ማዳሟን አስመስላ ትራመዳለች፣ ስታስቀን ቆይታ ራሷ ታለቅሳለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጥፋ፣ በጊዜ ለመግባት ትሮጣለች።

አገር ቤት ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ስትረከብ ማኅበርተኛው በእልልታ እስከ ደጃፏ ይሸኛታል፤ በወሩ እሷ ትደግሳለች። እዚህ ግን አብዛኞቻችን የምናድረው ሰው ቤት ነው። ከልብስ ማጠቢያው ጎን የምትተኛ ልጅ ጽዋውን የት ታኑረው? ማዳሟ አበባ ትተክልበታለች። ስለዚህ የራሳችንን ሥርዓት አበጀን። ተረኛዋ ጽዋውን በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ እልል እንላለን፣ እሷም እዚያው ዞር ብላ «አደራ» ትልና ለእኔ ትመልሰዋለች። እኔ ከከፊሌ፣ ካስመጣኝ አሠሪ፣ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለኝም፣ ግን የተከራየሁት ክፍል አለኝ። በየወሩ የምትደግሰው ሌላ ሴት ናት፤ የሚደገሰው ግን ሁልጊዜ እኔ ቤት ነው። እኔም በዚህ ትንሽ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አብራኝ ትከራይ የነበረችው ልጅ አገሯ ገባች፤ ክፍሉ ሰፋኝ። ጦርነቱ ጋብ ሲል ደግሞ ናጡሩ፣ የሕንፃችን ጥበቃ፣ አንኳኩቶ እሑድ እሑድ ደረጃው ላይ ሴቶች በዝተዋል ብለው ጎረቤቶች አቤት እንዳሉ ነገረኝ። ከእንግዲህ ካንቺ በቀር ሰው እንዳላይ፣ ኸላስ፣ አለ። ወረቀት የሌለው ሰው ከናጡር ጋር አይከራከርም። በቀጣዩ ወር መንገድ ዳር ካለ መናኢሽ ዳቦ መሸጫ ፊት ለፊት ባለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጽዋውን በፌስታል ጠቅልዬ እግሬ ሥር አኖርኩት። ጽዋ በፌስታል! ባለሱቁ ገዝታችሁ ብሉ ወይም ተነሡ አለን፤ ተነሣን። በዚያው ወር ሁለት ልጆች «እስቲ ቦታ ስታገኙ ጥሩን» ብለው ቀሩ። ቦታ ካልተገኘ ማኅበሩ እንደሚበተን ያን ቀን ገባኝ። ማኅበሩ ከተበተነ ደግሞ እሑድ ሲመጣ የማናግረው ሰው እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ።

ያችን ክፍል ሳያት ታዲያ ልቤ ዘለለ። ውሃው ቅርብ ነው፤ በጓሮው በር ገብቶ በጓሮው በር መውጣት ይቻላል፤ ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ቢሠራ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። ማኅበር ሲሞላ አሥራ ሁለት ነው፣ በሐዋርያቱ ቁጥር። እነሱ ማን ይመጣልን ይሆን እያሉ በሥዕል ሰው ይፈልጋሉ፤ እኔ በየወሩ የማይቀር ሰው በእጄ ይዣለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ግጥም ያለ ነገር አለ?

ከስብሰባው በኋላ መሐንዲሷ ቤቱን አዙራ አሳየችኝ። ትንሿ ክፍል ስንደርስ ቆም አለችና፣ «ስለዚችስ ምን ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ጥሩ ክፍል ናት። አየር አላት።»

«አየር አላት» አለች ተደስታ።

«ሰው ቢቀመጥባት ደስ ትላለች» አልኩ ቀጥዬ። ከዚህ በላይ መናገር ለእኔ ልብስ እንደ ማውለቅ ነው። የእኛ አገር ሴት ብትሆን ይህን እንደ ሰማች «እነማን ናቸው የሚቀመጡት? በሞቴ ንገሪኝ!» ብላ ነበር። መሐንዲሷ ፈገግ ብላ የመብራቱን ማጥፊያ ተጫነች።

ማታውኑ ለዛልቃዋ ደወልኩላት። ዛልቃ ሰፈር፣ ከአውራ ጎዳናው በላይ ባለ ሕንፃ ውስጥ ተቀጥራ የምትኖር የደሴ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በአፍ ትበልጠኛለች። የማኅበሩ ዋልታ እሷ ነበረች። ስለ ክፍሏ አወራኋት።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

«ሹ፣ ምን ማለት ነው አልነገርኳትም! አፍሽ ላይ ስኮች ለጥፈውብሽ ነው?»

«አንዴ ነው እኮ የጠየቀችኝ።»

«እነሱ አንዴ ነው የሚጠይቁት፣ እትዬ! እኔ እንደ መጣሁ ሰሞን ማዳሜ ‹ትበያለሽ?› ስትለኝ ‹መርሲ› አልኩ። አንሥታ ፍሪጅ ከተተችው። ዓይኔ ሳህኑን እስከ ፍሪጁ ሸኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገና ‹ትበ…› ስትል ‹ኤ፣ እበላለሁ› ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!»

«በሚቀጥለው ስብሰባ እነግራታለሁ።»

«ወላሂ በዪ።»

«በማርያም።»

የሚቀጥለው ስብሰባ ግን ቶሎ አልመጣም። ሙዚየም ማቀድ ለካ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ተመረመረ፣ ከዚያ የሚረዷቸው ሰዎች ጉዳዩን እናየዋለን አሉ፣ ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ከዚያ በጋው ገባና ከተማው ሁሉ ወደ ተራራ ወጣ። እኔም በዚያ መሀል እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በቤቱ አጥር ሥር አልፋለሁ። የአኪዲኒያው ፍሬ አልቆ ቅጠሉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ማኅበሩም እንደዚያው ይሳሳ ነበር። አንዷን ማዳሟ ለበጋ ወደ ተራራ ወስዳ እዚያው አስቀረቻት። አንዷ አገሯ ገባች። አንዷ እሑዷን ተከለከለች፣ በስልክም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በኋላ» ትለኝ ጀመር፤ በኋላ አልመጣም። ጽዋው አልጋዬ ራስጌ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። በወሩ እሑድ ዳቦ ጋግሬ፣ ግማሹን ለዛልቃዋ በአውራ ጎዳናው መሻገሪያ ድልድይ ላይ እወስድላታለሁ፤ ቆመን እንቆርሳለን፣ ከሥራችን መኪናው ይጮኻል፣ እሷ ሰዓቷን ታያለች።

እንግዲህ አንባቢ፣ ሐምራ ስትሄጂ ለምን በቢሮው አትነግሪያትም ሊለኝ ይችላል። ሐምራ ስሄድ መጥረጊያ ይዤ ነው። መጥረጊያ ይዞ ክፍል ስጡኝ ማለት ከማዳም ላይ ነገር መለመን ነው፤ ስብሰባው ላይ ግን እንደ ሰፈር ሰው ነበር የተቀመጥኩት። ይህች ልዩነት ለሌላ ሰው ቅንጣት ናት፤ ለእኔ ትልቅ ነበረች።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ልነግራት ቆርጬ ገባሁ። መሐንዲሷ በስልክ ከባልደረባዋ ጋር ታወራ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ የውሃ ባልዲዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስለ እኔ ነበር። «ጠይቄያታለሁ፤ ምንም አልፈልግም አለች» ትላለች። «አይ፣ አልገፋፋትም። በእነዚህ ሴቶች አፍ ሌላ ሰው ሲናገር ኖሯል፤ እኔ አልጨምርበትም። ምንም ካለች ምንም ነው፤ አከብረዋለሁ።»

ተናደድኩ። አክባሪ! አንዴ ገፋ ብታደርጊኝ ምን ይቀርብሽ ነበር? ደግሞ ወዲያው ልቤ ራራ፣ ምክንያቱም ከልቧ ነው የምታወራው። በዚህ አገር ቃሌን እንደ ቃል የቆጠረልኝ ሰው ጥቂት ነው፤ አንዷ እሷ ሆና ተገኘች፣ የቆጠረችልኝ ቃል ደግሞ ከልቤ ያልሆነው ነው። ገብቼ ልነግራት እችል ነበር። «ፓርዶን» አልኩና የቆሻሻ ቅርጫቷን አንሥቼ ወጣሁ።

መኸር ሲገባ የዛልቃዋ ደወለችልኝ። የማዳሟ ልጆች እናታቸውን ወደ ካናዳ ሊወስዷት ነው፣ ቤቱ ይዘጋል፣ እሷም ትኬት ተቆርጦላታል።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ልጄን ላይ ነው፣ እንዴት ደስ አይለኝ። ግን…»

«ግን ምን?»

«አንቺ ብቻሽን ልትሆኚ ነው።»

«ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል» አልኳት ልቀልድ ብዬ። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። የምትሄደው በሥራ ቀን ስለሆነ ልሸኛት አልቻልኩም። ከአውሮፕላን ጣቢያው የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ከጀርባዋ የሻንጣ ጎማ ይንኳኳል። «ጽዋውን እንዳትሰጪ ለማንም» ትላለች። «ደግሞ ለሴትዮዋ ንገሪያት። በማርያም ምለሽልኛል።» ሐምራ ሌላ ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ መስታወት እየወለወልኩ ነበር የሰማሁት። ባለቤቲቱ እንዳታየኝ ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ እኔ ሆንኩ። ጽዋ ደግሞ ብቻን አይጠጣም። ሞክሬው ነበር፤ በወሩ እሑድ ዳቦውን አቀረብኩ፣ አባታችን ሆይ አልኩ፣ ጽዋውን አነሣሁ፣ የምቀበለውም የምሰጠውም እኔው ሆንኩ። አስጠላኝ። ብርዙን ወደ ማሰሮው መልሼ ተኛሁ። ጸሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ የተጠራው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። መሐንዲሷ የቤቱን ፕላን በትልቁ አሠርታ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። የጫማ መስፊያው ማሽን ከመስኮቱ ሥር አለ። የሶርያኒዎቹ ጥልፍ አለ። ትንሿ ክፍል ግራጫ ቀለም ተቀብታለች።

«ይቺ የባትሪ ክፍል ናት» አለች መሐንዲሷ። «መብራት ሲጠፋ ሙዚየሙ እንዳይጨልም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ከተማ ከባትሪ ጋር የሚከራከር የለም። «ሌላ አስተያየት ከሌለ…» ብላ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

ማንም አልጠየቀኝም። ቆምኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«ክፍሏን እኔ እፈልጋታለሁ» አልኩ። «ባትሪ አይግባባት። በወር አንድ እሑድ የሚሰበሰብ ማኅበር አለን፤ ጽዋ አለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ እናወራለን። የምንቀመጥበት ቦታ የለንም። ከቤት ተባረርን፣ ከመንገድ ተባረርን። ሙዚየማችሁ መጥተው ስለ ቀሩ ሰዎች ከሆነ እኛም መጥተናል። በመስታወት ውስጥ የምንሰጣችሁ ዕቃ የለም። መቀመጥ ነው የምንፈልገው።»

መሐንዲሷ ጉንጯ ቀላ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ጠየቅሁሽ እኮ።»

«አንዴ ጠየቅሽኝ።»

«ስንት ጊዜ ነበር የምጠይቅሽ?»

«ቢያንስ እስክናደድብሽ» አልኳት፣ ሰውም ሳቀ፣ እኔም የምናገረውን እየፈለግሁ የማዕዱን ነገር፣ የእናቴንና የጆሯችንን ነገር ነገርኳቸው። አርመናዊው ሽማግሌ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ፕላኑ ድረስ ሄዱና ጣታቸውን የአባታቸው ማሽን ላይ አሳረፉ። «እኔ ብዙ ቦታ ወስጃለሁ» አሉ። «ይህን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው፣ ባትሪው ደረጃው ሥር ይግባ፣ ለሷ ክፍሏን ስጫት።» መሐንዲሷ ለካች፣ አሰበች፣ እንደገና ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ኸላስ፣ ክፍሏ ያንቺ ናት» አለችኝ። ሰው አጨበጨበልኝ። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ይሠራ አልኩ፣ ተጻፈ።

«በመጪው እሑድ አናጢው ልክ ሊወስድ ይመጣል» አለች መሐንዲሷ ደስ ብሏት። «ጓደኞችሽን ይዘሻቸው ነይ፣ ተቀምጠው ይለካላቸው። ስንት ትሆናላችሁ?»

«እኔ ነኝ።»

ዐረብኛዬ የተሳሳተ መሰላት። «ማለቴ ሁላችሁም፣ ስንት?»

«እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ሄደዋል።»

እርሳሷ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ አሥራ ሁለቱ…»

«ከቢሮሽ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ የእኛ አገር ልጅ አለች። ስሟን አላውቅም። እንደሷ ያለች በየፎቁ አለች» አልኳት። «አግዳሚው እንዳያጥር።»

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድኩ። አናጢው ጣውላውን በብሎኬት ላይ አጋድሞ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ግድግዳውን አስይዞታል። ጎልማሳ ሰው ነው፤ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል። ሌሎቹ የታሉ ብሎ ወደ ጓሮው አየ። መሐንዲሷ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም አላዘነልኝም፣ ሥራውን ነበር የሚያስበው። ሰው ካልተቀመጠበት ስፋቱን እንዴት አውቃለሁ፣ እንግዲህ አንቺው ተቀመጪልኝ አለ።

በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በትከሻዬ ግራና ቀኝ ጣውላው ላይ አሰመረ። «ጠጋ በዪ» አለኝ፤ ወደሚቀጥለው ጠጋ አልኩ። እንደገና አሰመረ፣ «ጠጋ በዪ» አለ፣ ተጠጋሁ። የጉልበቴን ከፍታ ለካ፣ ጀርባዬ ግድግዳውን ይነካ እንደሆነ ጠየቀኝ። መሐንዲሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መሀል ግድም ስደርስ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን አላቋረጥኩም። በእያንዳንዱ ቦታ ቀጥ ብዬ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ አጠገቤ ሰው እንዳለ ክርኔን ወደ ራሴ ይዤ ተቀመጥኩ። እሱ እያሰመረ፣ እኔ ጠጋ እያልኩ እስከ መስኮቱ ደረስኩ።